የጅማ ዞን ጤና ከአገሪቱ አማካይ ይሻላል ወይስ ያንሳል?

በጅማ ስለ ጤና በሚወራበት ስብሰባ ሁሉ አንድ ዓይነት ንግግር አይጠፋም፤ «ከአገር አቀፉ አማካይ በላይ ነን» ወይም «ከክልሉ አማካይ በታች ነን» የሚል። ሁለቱም በአንድ ወር ውስጥ፣ ስለ አንድ ጉዳይ፣ ከሁለት ሰዎች አፍ ሊሰሙ ይችላሉ። ሁለቱም ወረቀት ይዘው ነው የሚናገሩት፤ ማንኛቸውም ላይዋሹ ይችላሉ። አድማጩ ግን ግራ ተጋብቶ ይወጣል።

ግራ የሚያጋባው ቁጥሩ የተሠራበት መንገድ ስለማይነገር ነው። ማን ተቆጠረ? ከስንት ሰው? በየትኛው ዘመን? እነዚህ ካልታወቁ «በላይ» እና «በታች» የሚሉት ቃላት ብዙ ትርጉም የላቸውም።

የትኛው ጅማ ነው የሚነጻጸረው?

ጅማ ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ከተማውን ነው። ዞኑ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጅማ ዞን ሕዝብ 2,486,155 ነበር፤ ራሱን የቻለ አስተዳደር ያለው የጅማ ከተማ ደግሞ ለብቻው 120,960 ነዋሪ ተቆጥሮበታል። የዞኑ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ገጠሬ ነው። በጎማና በማና ቡና ያመርታል፣ በዴዶ ደጋ ገብስ ይዘራል፣ በኦሞ ናዳና በሰኮሩ ቆላማ ሸለቆዎች በቆሎና ማሽላ ያበቅላል።

ስለዚህ «ጅማ ጥሩ ሆስፒታል አለው» የሚለው እውነት ስለ ከተማው እንጂ ስለ ሲግሞ ወይም ስለ ሰጠማ አራስ ብዙ አይነግረንም። የዞኑን ቁጥር ከአገሪቱ አማካይ ጋር ስናወዳድርም ሌላ ችግር አለ። የአገሪቱ አማካይ አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋንና ሌሎች ከተሞችን ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች በከተማ 79 በመቶ፣ በገጠር ግን 20 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 26 በመቶ ነው። አንድ የገጠር ዞን 24 በመቶ ቢያስመዘግብ «ከአማካይ በታች ነው» ተብሎ ይነቀፋል። ከአቻዎቹ ከገጠሮቹ ጋር ቢወዳደር ኖሮ ግን ከፊተኞቹ ይቆጠር ነበር። ገጠር ከገጠር ጋር ሲነጻጸር ነው ፍርዱ የሚቀናው፤ በየመድረኩ ሲዘነጋ የምሰማውም ይህ ነው።

የጤና ቁጥር ከየት ይወለዳል?

ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ሰው ወደ አገልግሎት ሲመጣ የሚመዘገበው ሲሆን፣ ሁለተኛው ጠያቂ ወደ ሰው ቤት ሄዶ የሚሰበስበው ነው።

የመጀመሪያውን ለማየት ወደ አንድ የገጠር ጤና ኬላ መግባት ይበቃል። ጤና ኬላ ማለት ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ የሚሠራ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚያገለግሉበት ትንሽ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ወይም የታተመ ሠንጠረዥ ይለጠፋል። የቀበሌው ሕዝብ ብዛት፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ በዓመቱ ይጠበቃሉ የተባሉ ነፍሰ ጡሮች፣ ከጎኑም «ዕቅድ» እና «ክንውን» የሚሉ ዓምዶች ይታያሉ። መደርደሪያው ላይ የየቤተሰቡ ማህደር ተደርድሯል። ጠረጴዛው ላይ የሕፃናት ክንድ መለኪያ ጥብጣብ ይኖራል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ቀይ ላይ ያረፈ ክንድ ያለው ሕፃን በጽኑ የተጎዳ ተብሎ ይመዘገባል፣ ሕክምናም ይጀመርለታል። በወሩ መጨረሻ ምልክቱ ይደመርና ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ በመጨረሻም ወደ ጤና ሚኒስቴር ይወጣል።

የዚህ መንገድ ጥቅሙ ፈጣንና ዝርዝር መሆኑ ነው፤ እስከ ቀበሌ ድረስ ይወርዳል። ጉድለቱ ደግሞ የሚቆጥረው የመጣውን ብቻ መሆኑ ነው። ቤቷ የወለደች፣ ሕፃኗም በሦስተኛ ቀኑ የሞተባት እናት በሠንጠረዡ ላይ ላትኖር ትችላለች። በአገራችን ልደትና ሞትን በሕግ የመመዝገቡ ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። የገጠር ሞት አብዛኛው የሚያልፈው በዕድሩ ዘንድ ታውቆ፣ በመንግሥት መዝገብ ሳይሰፍር ነው።

ሁለተኛው መንገድ የቤት ለቤት ጥናት ነው። ታዋቂው አሁን የጠቀስኩት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲሆን፣ በ2016ቱ ዙር 16,650 ቤተሰቦች፣ 15,683 ሴቶችና 12,688 ወንዶች ተጠይቀውበታል። ጠያቂዎቹ እናትን ስንት እንደወለደች፣ ስንቱ በሕይወት እንዳሉ፣ የት እንደተገላገለች ይጠይቃሉ፤ የሕፃናትን ቁመትና ክብደትም ይለካሉ። ጤና ተቋም ረግጣ የማታውቀውም ሴት እዚህ ትቆጠራለች። «የኢትዮጵያ አማካይ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው።

አለመግባባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የዞኑ ቁጥር ከመጀመሪያው መንገድ፣ የአገሪቱ ቁጥር ከሁለተኛው መንገድ ይወሰድና ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በተለያየ ሚዛን የተመዘኑ ነገሮች ናቸው።

ታዲያ ጥናቱ ለጅማ ዞን የራሱን ቁጥር ለምን አይሰጥም?

ምክንያቱ የናሙናው ስፋት ነው። ቡና ጭኖ ከጅማ የሚነሣን መኪና አስቡት። ደረጃ መዳቢው ከየጆንያው ትንሽ ትንሽ እየወሰደ ይቀላቅልና ያንን ይቀምሳል። ጭነቱ በጥቅሉ ምን ደረጃ እንደሆነ በትክክል ይናገራል፤ ሦስተኛው ጆንያ የማን እንደነበርና የዚያ ገበሬ ቡና ጥሩ ይሁን መጥፎ ግን ሊነግራችሁ አይችልም። ከእያንዳንዱ ጆንያ የወሰደው እፍኝ እንኳ አይሞላምና።

ጥናቱም እንዲሁ ነው። በ2016 የተመረጡት የናሙና ቦታዎች 645 ነበሩ። በወቅቱ ለነበሩት ዘጠኝ ክልሎችና ሁለት የከተማ አስተዳደሮች ብናካፍላቸው በአማካይ ለአንዱ 59 ያህል ይደርሰዋል። ኦሮሚያ ሰፊ ነውና ከዚያ ላቅ ያለ ቢያገኝ እንኳ፣ ከሃያ በላይ ለሆኑት ዞኖቹ ሲበተን ለጅማ የሚተርፈው በጣት የሚቆጠር ነው። ጥናቱ የታቀደው እስከ ክልል ድረስ እንዲናገር ነው። «የጅማ ዞን የእናቶች ሞት በአገር አቀፉ ጥናት ይህን ያህል ነው» የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ፣ ወይ የኦሮሚያን ቁጥር ለጅማ አልብሶታል፣ ወይ ከጥቂት ሰዎች ብዙ ተናግሯል።

67 እና 79 ለምን አይወዳደሩም?

ይህ ስህተት ምሁራንም የሚያንሸራትት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ሞት የሚባለው፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት ውስጥ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ የሚሞቱት ብዛት ነው። በ2016ቱ ጥናት የአገሪቱ ቁጥር 67 ነበር። በዚያው ጥናት የኦሮሚያ ቁጥር 79 ተብሎ ተቀምጧል። አንባቢ ወዲያው «ኦሮሚያ፣ ከዚያም ጅማ፣ ከአገሪቱ በጣም የከፋ ነው» ይላል።

ነገር ግን 67ቱ የሚያሳየው ከጥናቱ በፊት የነበሩትን አምስት ዓመታት ሲሆን፣ 79ኙ ደግሞ አሥር ዓመታትን ነው። በየክልሉ ያለው ናሙና ትንሽ ስለሆነ በቂ ልደት ለማግኘት ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መሄድ የግድ ሆኗል። በእነዚያ ዓመታት ደግሞ የሕፃናት ሞት በመላ አገሪቱ በፍጥነት እየቀነሰ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 166 የነበረው በ2005 ወደ 123፣ በ2011 ወደ 88 ወርዷል። ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ከፍተኛ ሞት እናገኛለን ማለት ነው። የኦሮሚያን 79 ማወዳደር የሚገባን በዚያው የአሥር ዓመት ስሌት ከወጡት ጋር ነው፤ በዚያ ስሌት የገጠሩ አማካይ 83፣ የከተማው 66፣ የአዲስ አበባ 39፣ የአፋር 125 ነው። በዚህ ሚዛን ኦሮሚያ ከአገሪቱ ገጠር አማካይ ጥቂት የተሻለ እንጂ የከፋ አይደለም። አንድ የግርጌ መስመር ሳይነበብ ቀርቶ ክልሉ በሙሉ ሌላ መልክ ያዘ።

ከመቶ በመቶ ያለፈ ክትባት እንዴት ይመጣል?

በሪፖርት ላይ «የኩፍኝ ክትባት 104 በመቶ» የሚል አይታችሁ ይሆናል። ከመቶ ሕፃን 104ቱን መከተብ አይቻልም። ጥፋቱ ያለው አካፋዩ ላይ ነው። አካፋይ የምለው «ከስንት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሆነውን ቁጥር ነው።

የወረዳ ዕቅድ ሲወጣ የሚጠበቁት ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት አንድ በአንድ ተቆጥረው አይደለም የሚገኙት። የወረዳው ሕዝብ ብዛት ከ1999ኙ ቆጠራ ተነሥቶ በዓመታዊ የዕድገት መጠን እየተባዛ ይገመታል፤ ከዚያ ላይ ይህን ያህል በመቶው ነፍሰ ጡር ነው፣ ይህን ያህል በመቶው ከአንድ ዓመት በታች ነው ተብሎ ይሰላል። ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ስለተራዘመ ግምቱ በግምት ላይ እየተገነባ ሄዷል። ወጣቱ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ የጎረፈበት ወረዳ በወረቀት ላይ ሕዝቡ እንደ በዛ ይኖራል፤ ለቡና ለቀማና ለኢንቨስትመንት ሥራ ሰው የገባበት ደግሞ በወረቀት ላይ አንሶ ይታያል።

ውጤቱን በምሳሌ ላሳይ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። በአንድ ወረዳ 3,600 እናቶች በጤና ተቋም ወለዱ እንበል። ዕቅዱ 5,000 ወላዶች ይጠበቃሉ ካለ አፈጻጸሙ 72 በመቶ ነው። እውነተኛዎቹ ወላዶች 4,000 ከሆኑ ግን 90 በመቶ ይሆናል። አዋላጆቹ የሠሩት ሥራ ያው ነው፤ አንዱ ወረዳ ግን ይወቀሳል፣ ሌላው ይሸለማል። የጎረቤት ወረዳ እናት ቅርብ ሆኖላት ድንበር ተሻግራ ብትወልድ ደግሞ የአንዱ ክንውን ሲያብጥ የሌላው ይጎድላል፤ በጅማ ዞን ወረዳዎች አቀማመጥ ይህ ብርቅ አይደለም።

በቀበሌያችን አንድም እናት አልሞተችም ማለት ደህና ነን ማለት ነው?

እንደዚያ ማለት ላይሆን ይችላል። የእናቶች ሞት የሚለካው በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ነው፤ ነገሩ በጣም አሳዛኝ ቢሆንም በቁጥር ጥቂት ስለሆነ ነው አካፋዩ ይህን ያህል የበዛው። የ2016ቱ ጥናት 412 አግኝቷል። ይህ 412 ግን አንድ ነጥብ ነው እንጂ እርግጡ አይደለም፤ ጥናቱ ራሱ እውነተኛው ቁጥር ከ273 እስከ 551 ባለው መካከል ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ለመላ አገሪቱ ይህን ያህል ሰፊ ከሆነ ለአንድ ወረዳ ምን እንደሚሆን አስቡ።

እናስላው። ከ1,000 ሰው መካከል በዓመት 33 ያህል ሕፃን ይወለዳል ብለን፣ 5,000 ነዋሪ ያለውን ቀበሌ እንውሰድ። በዓመት 165 ልደት ይኖራል። በአገሪቱ መጠን ቢሆን የሚጠበቀው የእናት ሞት በሦስት ዓመት ሁለት ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ዜሮ መሆኑ የተለመደ ነው፤ አደጋው ስለጠፋ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት አንዲት እናት ብትሞት ቀበሌው በስሌት ከ600 በላይ ይሆንና «ከአገር አቀፉ አማካይ በእጅጉ የከፋ» ይባላል። ሁለቱም ፍርድ ከንቱ ነው። 150,000 ሕዝብ ባለው ወረዳ እንኳ የሚጠበቀው በዓመት 20 ያህል ስለሆነ፣ አንድ ዓመት 14፣ በሌላው 26 ቢመዘገብ በዕድል ብቻ ሊሆን ይችላል። የእያንዳንዷ እናት ሞት ለምን እንደደረሰ መመርመር አለበት፤ በአንድ ዓመት ቁጥር ግን ወረዳን ከወረዳ ማበላለጥ አይቻልም።

ወባ የበዛበት ወረዳ የባሰበት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል፤ ኦሮሚያም ከፍተኛውን ድርሻ ይዞ ነበር። በ2019 የተመዘገበው 900,000 ያህል ብቻ ስለነበር ጭማሪው የምዝገባ ጉዳይ ብቻ ነው ሊባል አይችልም። ያም ሆኖ ወረዳን ከወረዳ ስናወዳድር ማን ምን ያህል እንደመረመረ ማየት ያስፈልጋል። የመመርመሪያ ኪቱ ያለቀበት ጤና ኬላ ወባ «ይቀንሳል»፤ ኪቱ የደረሰለት ወባ «ይጨምራል»።

የጤና መድንም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ በዚሁ በጅማ ዞን ያለው ሊሙ ኮሳ ነበር። መድን ያለው ገበሬ ትኩሳቱ ሳይብስ ይታከማል። የተመዘገበ በሽታ ይበዛል፣ የታመመው ሰው ግን ላይበዛ ይችላል።

የዞኑ የወባ አማካይ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ወባ በብዛት የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው። ጅማ ከተማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጊቤ ሸለቆዎች ከዚያ ዝቅ ይላሉ፤ የዴዶና የሰጠማ ደጋዎች ደግሞ ከ2,000 ያልፋሉ። ወባ የማያውቀውን ደጋ ከሸለቆው ጋር ደምረን ስናካፍል የሚወጣው መጠን የደጋውንም የሸለቆውንም ሕይወት አይገልጽም። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት አልጋ የሚሞላው በሸለቆው ጤና ጣቢያ ነው፤ አጎበርና የሚረጨው ኬሚካል የሚበጀተው ግን በዞን አማካይ ከሆነ ለሸለቆው ያንሳል።

ሆስፒታል ያለበት ከተማ ለምን ብዙ ሞት ይመዘገብበታል?

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዋነኛው ከፍተኛ ሆስፒታል ነው። ከካፋ፣ ከቤንች፣ ከዳውሮ፣ ከኢሉባቦር፣ ከጋምቤላም ሳይቀር የባሰበት ሕመምተኛ በሪፈር ይላካል። ከሚዛን በአምቡላንስ የመጣች፣ ደም የፈሰሳት እናት ጅማ ደርሳ ብትሞት ሞቷ በሆስፒታሉ መዝገብ ይሰፍራል። ሟቾችን በመኖሪያቸው ሳይሆን በሞቱበት ቦታ የሚቆጥር ሪፖርት የጅማን ከተማ ከገጠሩ የባሰች አስመስሎ ያቀርባል። በአንጻሩ የከተማዋ ነዋሪ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያለበት ወጣት ሕዝብ ስለሆነ ጥቅል የሞት መጠኗ ከተገቢው በላይ ዝቅ ብሎም ሊታይ ይችላል፤ ወጣት ከአረጋዊ ያነሰ ይሞታልና። በዚህ ምክንያት ነው ባለሙያዎች ዕድሜን ከዕድሜ ጋር እያዛመዱ ካላሰሉ በቀር ሁለት ቦታዎችን በጥቅል ሞት ማወዳደር የማይወዱት።

በዞኑ ውስጥ እውነቱን የሚያሳይ ቦታ አለ?

አለ፤ ትንሽ ቢሆንም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግልገል ጊቤ የኃይል ማመንጫ ሐይቅ ዙሪያ በሰኮሩ፣ በቀርሳ፣ በኦሞ ናዳና በጢሮ አፈታ ወረዳዎች ውስጥ ያሉ አሥር ያህል ቀበሌዎችን በቋሚነት ይከታተላል። መረጃ ሰብሳቢዎች በየጊዜው እየተመለሱ በየቤቱ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደመጣና እንደሄደ ይመዘግባሉ። ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠው ከመሞቱ በፊት ምን ምልክት እንደታየበት ይጠይቃሉ፤ ትኩሳት ነበረው? ያስለው ነበር? ስንት ቀን ተኛ? ሐኪሞች ያንን አንብበው የሞቱን መንሥኤ ይገምታሉ። እዚህ አካፋዩ ከአሮጌ ቆጠራ የተገመተ አይደለም፤ ቤቱ ያለው ሰው ራሱ ነው።

ይህ የክትትል ጣቢያ የሚነግረን ስለ እነዚያ ቀበሌዎች እንጂ ስለ ጌራ ጫካ ወይም ስለ ኖኖ ቤንጃ አይደለም። ሐይቅ ዳር ያለ ቆላ ከሩቁ ደጋ ጋር አይመሳሰልም። ግድቡ ወባን አብዝቷል ወይ በሚለው ጥያቄ ላይ እንኳ በዚያው አካባቢ የተሠሩ ጥናቶች አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም፤ አንዱ በሐይቁ አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ወባ በዝቶ ሲያገኝ፣ ሌላው ከግድቡ ይልቅ ወቅቱን ዋና ምክንያት አድርጎታል።

የራሴን ወረዳ ማወዳደር ብፈልግ ምን ልጠይቅ?

ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዶ ሪፖርት ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሕዝብ ብዛቱ ከየት እንደመጣ ይጠይቅ። ቀጥሎ ያለፉትን አምስት ዓመታት በአንድ ረድፍ እንዲያሳዩት ይጠይቅ፤ የአንድ ዓመት ቁጥር ይዘላል፣ የአምስት ዓመት ግን አቅጣጫ ያሳያል። ከዚያ ጤና ጣቢያዎቹን ለየብቻ ይመልከት። ዋናው መንገድ ዳር ያለው ጤና ጣቢያና መኪና በክረምት የማይገባበት ጤና ጣቢያ አብረው ሲደመሩ የወረዳው አማካይ ከዞኑ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን ለያይቶ ያየ ግን አምቡላንሱ የት መቆም እንዳለበት ወዲያው ይገባዋል። መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ አማካይ ጋር ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ከፍታና ተመሳሳይ መንገድ ካለው ከሌላ የገጠር ወረዳ ጋር ያስተያየው። ይህን ወረቀት ማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ ቁጥሮቹ ግን በየጽሕፈት ቤቱ አሉ።